2.4 ወይስ 2.8? የፒክአፕ ሞተር አመራረጥ

የሞተር መጠን የሚባለው ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ የሚያዳርሱት የሲሊንደሮች ክፍት ቦታ ድምር ነው። 2.4 ሲባል 2.4 ሊትር፣ በሲሲ ሲነገር ደግሞ 2,400 ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ቦታ እንጂ ስለ ጉልበት አይደለም። ፒክአፕ ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሲሲ አይቶ የመኪናውን ጉልበት፣ የነዳጅ ፍጆታውንና ዕድሜውን በአንድ ጊዜ ይገምታል። ቱርቦ በሌላቸው ሞተሮች ዘመን ግምቱ ብዙም አያሳስትም ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘብ ያስከፍላል።

ነገሩን በአንድ በሚታወቅ መኪና ማየት ይቀላል። ቶዮታ ሀይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን ተሠርቶ ወጣ። ስምንተኛው ትውልድ በ2015 ሲቀርብ ለናፍጣ ፈላጊው ሁለት አዳዲስ ሞተሮች ይዞ መጣ፦ አንዱ 2,393 ሲሲ፣ ሌላው 2,755 ሲሲ። ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ሲሆኑ የሲሊንደራቸው ስፋት እንኳ አንድ ነው፤ 92 ሚሊ ሜትር። የሚለያዩት በፒስተኑ ጉዞ ነው። በትንሹ ሞተር ፒስተኑ 90 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ በትልቁ 103.6 ይጓዛል። የ362 ሲሲው ልዩነት በሙሉ የመጣው ከዚህች ከጣት ውፍረት ከማትበልጥ 13.6 ሚሊ ሜትር ነው።

ትንሹ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበትና እስከ 400 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። ትልቁ መጀመሪያ ሲወጣ 177 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቶርኩ በማንዋል ካምቢዮ 420፣ በአውቶማቲክ 450 ነበር። በ2020 ተሻሽሎ 204 የፈረስ ጉልበትና በአውቶማቲክ 500 ኒውተን ሜትር ደርሷል። ቶርክ ሞተሩ ክራንክ ሻፍቱን የሚጠመዝዝበት ጥንካሬ ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ ያ ጥንካሬ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይለካል። ጭነት የያዘን መኪና ከቆመበት የሚያስነሳው ቶርክ ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ ፍጥነት እንዳይወርድ የሚያደርገው ግን የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለቱ ሞተሮች በወረቀት ላይ ከሚታየው ይልቅ በመሪው ላይ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ከፍተኛ ቶርካቸውን በደቂቃ 1,600 ዙር ላይ ያገኛሉ። የትንሹ ከ2,000 ዙር በኋላ መውረድ ሲጀምር፣ የትልቁ እስከ 2,400 ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል። ስለዚህ በዳገት ላይ የትልቁ ሾፌር አንድ ማርሽ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ይወጣል፤ የትንሹ ሾፌር እጅ ከማርሹ ብዙም አይርቅም።

የሲሲ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ የሀይሉክስ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው ፋይቭ ኤል ሞተር 2,986 ሲሲ ነው፤ ማለትም ከዛሬው 2.8 ይበልጣል። ቱርቦ ስለሌለው ግን ጉልበቱ ከ95 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም፣ ቶርኩም 197 ኒውተን ሜትር ነው። ቀጥሎ የመጣው ዲ ፎር ዲ የሚባለው ትውልድ 2.5 እና 3.0 ነበረው። የ2.5ቱ ሞተር ሲጀመር 102 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በኋላ ኢንተርኩለርና የተሻለ ቱርቦ ተጨምሮበት፣ ሲሲው ምንም ሳይለወጥ፣ 144 ደረሰ። የዛሬው 2.4 ደግሞ በቶርክ የያኔውን 3.0 ይበልጠዋል። እንግዲህ «ትልቅ ሞተር» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ያላቸውን ሁለት ሞተሮች ስናነጻጽር ብቻ ነው።

በደጋ አገር ሌላ ነገር ይጨመራል፤ አየር። ናፍጣ የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ የፋይቭ ኤል 95 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ ይህን ጉድለት በፍጥነት በመሽከርከር ያካክሳል፤ ሳሳ ያለውን አየር አጥብቆ አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልከዋል። ማካካሱ ግን ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይሽከረከር ኮምፒውተሩ ይገታዋል። ሁለተኛ፣ ቱርቦው የሚሽከረከረው በጭስ ግፊት ስለሆነ ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ ብዙም አይረዳም። ደጋ ላይ፣ ዳገት መካከል ከቆሙ በኋላ ሲነሱ የሚሰማው ያ የመዘግየት ስሜት ከዚህ የመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚረዳው የሞተሩ የራሱ መጠን ብቻ ስለሆነ የ2.8ቱ ብልጫ ከሁሉም በላይ ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጭነት ይዞ በኩርባ ዳገት ላይ እየቆመ ለሚነሳ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ የፍሪሲዮን ዕድሜም የሚያልቀው እዚያው ነው።

ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል የሚለውን ለማወቅ ከዓባይ በረሃ የተሻለ ፈተና የለም። ከወንዙ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ ከ40 የፈረስ ጉልበት ጥቂት ከፍ ያለ ያስፈልገዋል። በ60 ኪሎ ሜትር 65 ገደማ፣ በ80 ደግሞ 90 ገደማ ይሆናል። በካምቢዮና በዲፈረንሺያል የሚጠፋውን ጨምሮ ቢታሰብ እንኳ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይወጣዋል። ደጀን አቅራቢያ 70 የፈረስ ጉልበት ብቻ የሚቀረው አሮጌ ሞተር ግን በ60 መሄድ አይችልም፤ ከኋላው የጭነት መኪና ሰልፍ ያስይዛል። ስለዚህ ከአሮጌ ፒክአፕ ወደ አዲስ የሚሻገር ሰው ትንሹንም ቢመርጥ የጉልበት ልዩነቱ ይሰማዋል። ከ2.4 ወደ 2.8 ያለው እርምጃ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ያንን ከፍታ ለመውጣት የሚቃጠለው ናፍጣም ከሚታሰበው በላይ በጭነቱ ይወሰናል። 3 ቶን ክብደትን 1,300 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ፣ የሞተሩ ብክነት ታስቦ፣ 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። ሞተሩ 2.4 ቢሆን 2.8 ቢሆን ይህ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የሁለቱ የነዳጅ ልዩነት የሚታየው ሞተሩ ቀለል ያለ ሥራ ሲሠራ ነው፤ በከተማ ውስጥ፣ ባዶ ካሶኒ ይዞ፣ መብራት ላይ ሲቆም። ትልቁ ሞተር ፒስተኑ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ለራሱ ሰበቃ የሚያወጣው ነዳጅ ይበዛል። ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ቢሆን፣ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ድርጅት 300 ሊትር ይሆናል። አሥር መኪና ላለው ደግሞ 3,000 ሊትር ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከቢሮ ቢሮ ለሚያመላልስ ደብል ጋቢና 2.8 መግዛት ትርፉ ይህ ብቻ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ጭኖ ገጠር የሚወጣው ትንሽ ሞተር የነዳጅ መስጫው ከወለሉ አይነሳም፣ ማርሹም ከሦስተኛ አያልፍም። ያን ጊዜ «ትንሽ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ተስፋ ዳገቱ ሥር ይቀራል።

ስለ ዕድሜ የሚነገረውም መጣራት አለበት። «ትልቅ ሞተር አይጨነቅም፣ ስለዚህ ረጅም ዕድሜ አለው» ይባላል። በአንድ ሊትር ሲሰላ ግን የ2.4ቱ 63 የፈረስ ጉልበት፣ የመጀመሪያው 2.8 ደግሞ 64 ይወጣዋል፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የ2020ው 2.8 እንዲያውም 74 ደርሷል። በተጨማሪም በደቂቃ 3,400 ዙር ላይ የትልቁ ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 11.7 ሜትር ሲሮጥ የትንሹ በ10.2 ነው። ስለዚህ ሁለቱም አቅማቸው እስኪሟጠጥ ከተነዱ ትልቁ የተለየ ዕረፍት የለውም። ዕረፍት የሚያገኘው ያንኑ ሥራ ሲሠራ ነው፤ ትንሹ 120 የፈረስ ጉልበት አውጥቶ የሚወጣውን ዳገት ትልቁም በ120 ይወጣዋል፣ ግን ገና ብዙ ይተርፈዋል። የፋይቭ ኤል ጽናት የታወቀበት ምክንያትም እዚህ ይገለጣል፤ በሊትር 32 የፈረስ ጉልበት ብቻ ከሚጠየቅ ሞተር ብዙ ዓመት መጠበቅ ተገቢ ነው። የዛሬዎቹ ሁለቱም ሞተሮች ከዚያ እጥፍ ይጠየቃሉና ከነሱ ያንን ዓይነት ቸልታ መቻልን መጠበቅ አይገባም። ናፍጣውን ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩት ኢንጄክተሮች ውኃና ቆሻሻ አይችሉም። በጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ ለሚጠቀም፣ የናፍጣ ፊልትሮን በጊዜው መለወጥ ሁለቱን ሞተሮች ከማማረጥ ይልቅ ዕድሜን ይወስናል።

የጭነት ጉዳይ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። እሱም ትልቅ ሞተር ብዙ ለመጫን ይፈቅዳል ብሎ ማሰብ ነው። የሀይሉክስ ካሶኒ የሚሸከመው 1 ቶን ገደማ ነው፤ ይህን የሚወስኑት ባሌስትራው፣ ሻንሲው፣ አክሰሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ናቸው። እነዚህ በ2.4ም በ2.8ም ላይ ተቀራራቢ ናቸው። ሞተሩ ሁለት ቶን መጎተት ስለቻለ ብቻ ሁለት ቶን መጫን ባሌስትራ ይሰብራል፤ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ያነድዳል። የትልቁ ሞተር እውነተኛ ቦታ ተሳቢ መጎተት ነው። የውኃ ታንከር፣ ጄኔሬተር ወይም ጀልባ የሚጎትት ሰው ከቶርኩም፣ ያንን ቶርክ ረዘም ላለ ዙር ይዞ ከመቆየቱም በየቀኑ ይጠቀማል። ወደ ቁልቁለቱ ሲመለስም ትንሽ ጥቅም አለው፤ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ጠንከር ያለ የሞተር ፍሬን ስለሌለው ትልቁ ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ላይ መኪናውን በተሻለ ይገታል። ሆኖም ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው በየትኛውም ሞተር ቢሆን ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ መውረድ የለበትም።

ከቶዮታ ውጭ ያሉ ፒክአፖችም ምርጫውን በየራሳቸው መንገድ ያቀርባሉ። ኢሱዙ ዲማክስ በ1.9 እና በ3.0 ሲሠራ ቆይቷል፤ በዚህኛው ላይ ያለው ክፍተት ከሀይሉክሱ በጣም ይሰፋል፣ ትንሹ 150 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ቶርኩ 350 ብቻ ነው። ለከባድ ሥራ ከሆነ በዲማክስ ላይ ትልቁን መምረጥ ከሀይሉክሱ ይልቅ አሳማኝ ምክንያት አለው። የፎርድ ሬንጀር ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ባለ አምስት ሲሊንደሩ 3.2 ሞተር 200 የፈረስ ጉልበትና 470 ኒውተን ሜትር ነበረው፤ በኋላ የመጣው ባለ ሁለት ቱርቦ 2.0 በ213 እና በ500 በለጠው። ያ ሁሉ ጉልበት ከትንሽ ሲሊንደር የሚወጣው ግን በሁለት ቱርቦና በአሥር ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ዕቃው የረቀቀ፣ ጥገናውም የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ በመሆኑ ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ በራሱ ትልቅ ግምት የሚሰጠው ነገር ነው።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ከሲሲው በፊት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የዲ ፎር ዲዎቹ 2.5 እና 3.0 በታይሚንግ ቺንጋ የሚሠሩ ናቸው፤ ቺንጋው ጊዜው አልፎ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ቴስታታውን ያበላሹታል። ስለዚህ መቼ እንደተለወጠ በማስረጃ መታየት አለበት። የ2015ዎቹ 2.4 እና 2.8 ግን ካቴና ስላላቸው ይህ ሥጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ከአውሮፓ የመጣ ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ የጭስ ማጣሪያ ፊልትሮ ይኖረዋል፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣና አጭር የከተማ ጉዞ ያንን ፊልትሮ ይደፍኑታል።

ሁለቱንም ሞተሮች አዲስ አበባ ላይ ለመለየት የሚሻለው መንገድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ነው። ካሶኒው ላይ እንደሚታሰበው ሥራ ልክ ጭኖ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ዳገቱ መካከል ቆሞ እንደገና መነሳት፤ በዝቅተኛ ዙር ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ስንት ጊዜ ማርሽ እንደሚያስቀይር፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣ እንደሆነና የሙቀት መለኪያው ከመካከል ይነሳ እንደሆነ ማየት ይበቃል።