ስለ ቅርጫ ሥጋ፥ ስለ ወተትና በዓይን ስለማይታዩት ጀርሞች

የ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም በተፈታ ጊዜ፥ በከተማም ሆነ በገጠር የሚኖረው ጿሚ ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ሥጋ፥ ወደ ወተትና ወደ ዕንቍላል ይመለሳል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ በሬውም በማለዳ ታርዶ መደብ በመደብ ይከፋፈላል። ይህ ቅርጫ የሚባለው ልማድ፥ ብቻውን ከብት ለመግዛት ዐቅም የሌለውን ሰው ከባለጸጋው እኩል ሥጋ የሚያበላ በመሆኑ እኛ ከልብ እናከብረዋለን። ነገር ግን አንድ በሬ ዐሥርና ሃያ ቤት በሚገባበት ቀን፥ አንድ የቈሸሸ ቢላዋም ዐሥርና ሃያ ቤት መግባቱን አንባቢያችን እንዲያስበው ያስፈልጋል።

ሕዝባችን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ በሽታ ሲባል በመጀመሪያ የሚያስበው ኮሶን ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። የኮሶ ትል በዓይን ይታያል፤ አበውም የኮሶን ዛፍ አበባ እየጠጡ ሲያስወጡት ኖረዋል። ባክቴሪያ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ግን በአጕሊ መነጽር ካልሆነ በቀር አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ የሥጋውን መልክም ሆነ ሽታውን አይለውጥም። ሥጋው ቀይና ያማረ፥ ገና ትኩሱ ያልበረደ ሊሆን ይችላል፤ ጀርሙም በላዩ ይኖራል። ምቹ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ አንዱ ጀርም በ20 ደቂቃ ሁለት፥ በ40 ደቂቃ አራት ይሆናል። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ በሥጋው ያረፈው አንድ ጀርም በዚህ አኳኋን እየተባዛ ቢቈይ፥ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ከ2 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። እንግዲህ በፀሐይ ቀን በግቢው ጥግ በቅጠል ላይ ተዘርግቶ ባለ ዕጣውን ሲጠብቅ የሚውለው መደብ ምን ያህል እንደሚሸከም መገመት አያዳግትም።

የጤናማ ከብት ሥጋ ራሱ፥ ማለት ከቆዳው በታች ያለው ጡንቻ፥ ከጀርም የጸዳ ነው ለማለት ይቻላል። ጀርሙ የሚኖረው በጠጕሩ፥ በሰኮናውና በአንጀቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥጋው የሚበከለው በዐራጁ እጅ ነው። ቆዳውን የገፈፈው ቢላዋ ሳይታጠብ ሽንጡን ይቈርጣል፤ ጠጕሩን የያዘው እጅ ተመልሶ ሥጋውን ይይዛል፤ አንጀቱ ሲወጣ ይበሳና ፈርሱ በጎድኑ ላይ ይፈስሳል፤ ይህን ሁሉ ለማጠብ ደግሞ የተቀመጠው አንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ እርሱም ከሁለት እጥበት በኋላ ራሱ መበከያ ይሆናል። አንድ ቢላዋ ለቆዳው፥ ሌላ ቢላዋ ለሥጋው ቢለይ፥ ጕሮሮውና የፊንጢጣው ጫፍ አንጀቱ ከመውጣቱ በፊት በገመድ ጠብቆ ቢታሰር፥ የዐራጁም እጅ በየጊዜው በሳሙናና በሚቀዳ ውሃ ቢታጠብ ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይበልጥም።

ስለ ዱለት በተለይ አንድ ቃል እንናገራለን። በዕርዱ ጧት፥ ገና ሥጋው ሳይመደብ፥ ጨጓራውና ጉበቱ ተከትፎ ለብ ለብ ተደርጎ ይቀርባል። ጣዕሙን የማይወድ ጥቂት ነው። ሆኖም ከከብቱ አካል ሁሉ ጀርም የሚበዛበት የአንጀትና የጨጓራ ክፍል መሆኑን ስናስብ፥ ከሌላው ምግብ ይልቅ ብስለት የሚያስፈልገው ዱለት ሆኖ ሳለ፥ እንዲያውም ለብ ብቻ ተደርጎ መበላቱ የተገላቢጦሽ ነገር ይመስለናል።

ቍርጥና ክትፎም በአደጋቸው እኩል አይደሉም። ጀርሙ በአብዛኛው የሚያርፈው በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ሥጋው ሙሉ ሆኖ ሲጠበስ ገጹ በእሳት ይቃጠላልና ጀርሙም ይሞታል። ሥጋው ሲከተፍ ግን ውጪው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በገጹ የነበረው ሁሉ ከክትፎው ጋራ ይለወሳል። ስለዚህ ክትፎ ጀርሙ እንዲሞት ከተፈለገ መካከሉ ድረስ መብሰል አለበት፤ የመካከሉም ሙቀት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊደርስ ይገባዋል። ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፥ አረቄው ይገድለዋል የሚለው አነጋገር በየድግሱ ይሰማል። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው የበላተኛውን ምላስ ነው፤ አረቄም በሆድ ውስጥ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋራ ሲቀላቀል ይቀጥናልና ጀርሙን አይገድልም። ጥሬ ሥጋ ለመብላት የቈረጠ ጤነኛ ጐልማሳ ስለ ራሱ ያውቃል፤ ለሕፃን፥ ለነፍሰ ጡር፥ ለሽማግሌና በበሽታ ለደከመ ሰው ግን ማጕረስ አይገባም። በዕለቱ ፍቅራችንን የምንገልጠው በጕርሻ ነውና ይህን መናገር ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

ከሁሉ የሚከፋው የታመመውን ከብት ማረድ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት በክት የማይበላው ገበሬ፥ ከብቱ ሊሞት ሲያጣጥር ባየ ጊዜ ሳይሞት ልድረስበት ብሎ ቢላዋ ያነሣል። በሬው የቤተ ሰቡ ሀብት ሁሉ ሊሆን ይችላልና ምክንያቱ ይገባናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. በጀርመን አገር ፍራንከንሃውዘን በምትባል ከተማ የሆነውን እንመልከት። በብርቱ ተቅማጥ የታመመች አንዲት ላም ታረደች፤ ሥጋዋን ከበሉት ሰዎች ወደ 60 የሚጠጉት ታመሙ፤ ብዙ ጥሬ ሥጋ የበላ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሞተ። አውጉስት ጌርትነር የተባለው ሐኪም ከላሚቱ ሥጋና ከሟቹ አካል አንድ ዐይነት ባክቴሪያ አወጣ። ይህ ጀርም ዛሬ ሳልሞኔላ ከሚባለው ወገን ነው።

አባ ሰንጋ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከብቱ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይወድቃል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣውም የማይረጋ ጥቍር ደም ሊፈስስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ከብት ማረድ፥ መግፈፍና መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ደሙ አየር ሲያገኝ ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራልና፥ በዚያ መስክ የሚግጡ ከብቶች በልጅ ልጅ ዘመን እንኳ ሊያልቁ ይችላሉ። ሥጋውን የቈረጠ ሰው በእጁ ላይ መካከሉ የጠቈረ፥ ብዙም የማያምም ቍስል ቢወጣበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜው ከታከመ ይድናል። ስለ ከብቱም ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ወተት እንለፍ። የሳንባ ነቀርሳን ጀርም በ1882 ያገኘው ታላቁ ሊቅ ሮበርት ኮኽ በ1901 በለንደን ጉባኤ ላይ፥ የከብት ነቀርሳ ለሰው ብዙ የሚያሰጋ አይደለም ብሎ ተናግሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚሽን አቁሞ ለዐሥር ዓመት ያህል ካስመረመረ በኋላ፥ በሽታው በወተት አማካይነት ወደ ሰው፥ ይልቁንም ወደ ሕፃናት እንደሚተላለፍ ተረጋገጠ። በማልታ ደሴትም የእንግሊዝ ወታደሮችን ለብዙ ጊዜ በትኵሳት፥ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያሠቃይ የነበረው ብሩሴሎሲስ፥ ከፍየል ወተት የሚመጣ መሆኑን ቴሚስቶክሊስ ዛሚት በ1905 ደረሰበት፤ በማግሥቱ ዓመት ጥሬ የፍየል ወተት ለጭፍራው ሲከለከል በሽታው ወዲያው ወደቀ። ወተትን አንድ ጊዜ አፍልቶ ማውረድ ለሁለቱም ይበቃል። በፋብሪካ የሚደረገውም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ ማሞቅ ብቻ ነው። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ጢስ ማጠናቸው ጀርምን የሚቀንስ መልካም ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የማፍላትን ስፍራ አይተካም። ርጎም መኰምጠጡ አንዳንዱን ጀርም ቢያደክመውም የነቀርሳውንና የብሩሴሎሲሱን ሁሉ ያጠፋል ብሎ መታመን አይቻልም፤ ወተቱ ተፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂት ርጎ ቢረጋ ግን ጣዕሙም ደኅንነቱም ይገኛል።

ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የባለሙያ ሴት ምልክት ነው። ሎሚው ጀርሙን አይጨርሰውም፤ የእጥበቱም ውሃ ሲረጭ በአጠገቡ ወዳለው ሰላጣና እንጀራ ይደርሳል። ዶሮው ስለሚበስል አይጐዳም፤ የሚጐዳው ሳይበስል የሚበላው ሰላጣ ነው። ስለዚህ እጥበቱ ከሌላው ምግብ ርቆ ይደረግ፤ መክተፊያውም ወዲያው በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠብ።

በደንብ የተወጠወጠ ወጥም ቢሆን ሌላ ፈተና አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ተራውን ጀርም ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዘር ሽፋን የሚለብሱ ጀርሞች አሉና እነርሱ ከመፍላት ይተርፋሉ። የሠርግ ወጥ በትልቅ ድስት ሌሊቱን ሙሉ ተከድኖ ሲያድር መካከሉ እስከ ጧት ለብ እንዳለ ይቈያል፤ ያን ጊዜ የተረፉት ነቅተው ይበዛሉ። ወጡን በትንንሽ ዕቃ ከፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝና ሲበላ እንደገና እስኪፈላ ማሞቅ ይገባል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰውም ቅዝቃዜ ጀርሙን የሚያስተኛ እንጂ የሚገድል እንዳልሆነ ይወቅ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ደግሞ ሥጋውን ገና ትኩስ ሳለ በቀጭኑ ዘልዝሎ፥ በጨውና በበርበሬ አሽቶ ቋንጣ ቢያደርገው፥ እርጥበት ያጣ ጀርም ሊባዛ አይችልምና ከአያቶቹ የወረሰው ዘዴ ይጠቅመዋል።

ከበዓል በኋላ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ቢኖር በመጀመሪያ የሚጐዳው በውሃ እጦት ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የንጥረ ነገር ዱቄት እስኪገኝ ድረስ፥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በየጥቂቱ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ሕፃን ከሆነም ጡት አይከልከል። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፥ ትኵሳቱ ከበረታ፥ ወይም ሕፃኑ ዓይኑ ጐድጕዶ ሽንቱ ካነሰ ወደ ሐኪም ለመሄድ ጧትን አይጠብቁ። ሐኪሙም ዘንድ ሲደርሱ የተበላው ሥጋ ከየትኛው ቅርጫ እንደ ሆነና ስንት ቤት እንደ ተካፈለው ይናገሩ፤ የቀሩት ጎረቤቶች የየራሳቸውን መደብ ገና አልጨረሱ ይሆናልና።