አሮጌ ዶዘር በግቢ ውስጥ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይነሣል?

አሮጌ ዶዘር ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ይነሣል? ዘይት ይበላል? ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ግን ከግቢ እንደገባ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ያያል። ልክ ነው። አንድ ዶዘር በዕድሜው ሙሉ ለጥገና ከሚያስወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን የሚበላው ከሆዱ በታች ያለው ክፍል ነው፤ ሰንሰለቱ፣ ሰንሰለቱ የሚሽከረከርባቸው ሮለሮችና ከኋላ ያለው ጥርሳም ጎማ። የሞተር ብልሽት መላ አያጣም። እግሩ ያለቀ ዶዘር ግን በኪሎ ተመዝኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይጫናል፤ አቃቂ ቃሊቲ ላለ ግቢ ደግሞ ማቅለጫ ሩቅ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከሚቀልጡት ውስጥ መዳን የሚችሉ ብዙ ናቸው ብዬ ስለማምን ነው። የድሮዎቹ ማሽኖች፣ ለምሳሌ ከ1958 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተመረተው የካተርፒላር ዲ8ኤች፣ ኮምፒውተር የላቸውም። አብዛኛው ነገር በቡሎን የታሰረ፣ ተፈትቶ የሚታይ፣ ተለክቶ የሚታወቅ ነው። ቦታ፣ ትዕግሥትና ጥሩ ክሪክ ያለው ሰው በገዛ ግቢው ሊፈታቸው ይችላል።

የአገራችን የመንገድ ሥራ ከእነዚህ ማሽኖች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። መስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ ተራራ የሚንድና ገደል የሚሞላ ማሽን የግድ ሆነ።

ግን ለምን ሰንሰለት? ለምን ጎማ አይሆንም? ለዚህ መልሱ አቃቂ ላይ በክረምት እግርን ከዋልካ ውስጥ መንቀል ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የገባበትን አይለቅም። በ1904 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ስቶክተን ቤንጃሚን ሆልት የተባለው ፋብሪከኛ የገጠመው ችግርም ለስላሳ አፈር ነበር። የእንፋሎት ትራክተሮቹ በረግረጉ መሬት ላይ እየሰመጡ ሲያስቸግሩት የኋላ ጎማዎቹን አውልቆ በእንጨት ጫማ የተደረደረ ሰንሰለት ገጠመላቸው። የሆልት ኩባንያ በ1925 እ.ኤ.አ. ቤስት ከተባለው ተፎካካሪው ጋር ሲዋሐድ ካተርፒላር ተፈጠረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ቶን የሚመዝን ዶዘር እናስብ፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት ግማሽ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ መሬት የሚነካው ርዝመቱ ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን። ሁለቱ ሰንሰለቶች አንድ ላይ 25,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ይሸፍናሉ፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ክብደት 0.8 ኪሎ ብቻ ነው። በቀጭን ተረከዝ ጫማ የቆመች ሴት ከዚያ በብዙ እጥፍ መሬቱን ትጫናለች። ዶዘር የራሱን ሐዲድ ከፊቱ እየዘረጋ፣ ከኋላው እያነሣ የሚሄድ ባቡር ነው።

ዋልካ ዶዘርን በሥራ ላይ ባያሸንፈውም ሲፈታ ግን ጠላቱ ነው። ክሪክ በዋልካ ላይ ተደርጎ 20 ቶን ሲነሣ የሚሰምጠው ክሪኩ ነው፤ ያውም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ። ስለዚህ ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይጀመር። ማሽኑ የሚቆምበት ቦታ አፈሩ ተጠርጎ በገረጋንቲ ወይም በሬድ አሽ ይሞላና በደንብ ይደቅደቅ። ከዚያ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች እየተቆላለፉ ይደራረቡ። ማሽኑ በክሪክ ከተነሣ በኋላ ግንዱ ላይ ይረፍ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ ዶዘር ሥር የሚገባ ሰው በሕይወቱ እየተጫወተ ነው።

አሁን ሰንሰለቱን እንፍታ። ማያያዣዎቹ እርስ በርስ የተጣመሩት በፒንና በቡሽ ነው፤ ቡሹ ፒኑን የሚያቅፍ ወፍራም ቱቦ ነው። የኋላው ጎማ ጥርሶች የሚገፉትም ይህን ቡሽ ነው። ፒኖቹ ሁሉ በከባድ ማተሚያ የተጠቀጠቁ ሲሆኑ አንዱ ብቻ ሰንሰለቱ እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ ዋና ፒን ነው። ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ሲያጸዱት ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ የሚለየው ጉድጓድ ወይም ምልክት ብቅ ይላል። ምልክቱን ሳያገኙ በመዶሻ መቀጥቀጥ ጉልበት ማባከን ነው። ዋናው ፒን ከፊት ባለው ተሸካሚ ጎማ መሃል ቁመት ላይ እስኪደርስ ማሽኑ ይገፋል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ከዚያ ፒኑ በከባድ መዶሻና በመግፊያ ብረት ይወጣል። ከወጣ በኋላ ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ብረት በአንዴ ይዘረገፋል፤ ከፊቱ ማንም አይቁም።

ማላላቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ማሽኖች ሰንሰለቱን የሚወጥረው በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ ግራሶ ነው። ማስተንፈሻው ቀስ ተብሎ፣ በአንድ ዙር ያህል ብቻ ይከፈታል፤ ፊት ከፊቱ አይደቀንም፤ እጅ አይጠጋም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከሲሊንደሩ ኋላ ያለው ትልቁ ሞላ ደግሞ በብዙ ቶን ኃይል እንደታመቀ የተቀመጠ ነው። ያ ሞላ ያለ ልዩ ማሰሪያ በፍጹም አይፈታም፤ በዙሪያው ያለው ብረትም በእሳት አይሞቅም። ሌላው የዶዘር ክፍል ሁሉ በትዕግሥት የሚማሩበት ነው፤ ይህኛው ግን ለሚያውቅ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ሰንሰለቱ ከወረደ በኋላ ያለቀው ምን እንደሆነ ማንበብ ይቻላል። ፒኑ ቡሹ ውስጥ የሚዞረው ሰንሰለቱ ከፊትና ከኋላ ባሉት ጎማዎች ላይ ሲታጠፍ ብቻ ነው። በድሮው ደረቅ ሰንሰለት መካከላቸው ዘይት የለም፤ የሚገባው አሸዋና ጭቃ ነው። በታጠፈ ቁጥር ይፈጫል። ፒንና ቡሹ በጥቂቱ ሲበሉ ሰንሰለቱ በጠቅላላው ይረዝማል፤ ቡሾቹ ከጎማው ጥርስ ጋር መገጣጠም ያቅታቸዋል፤ ጥርሶቹም ሾጥጠው መንጠቆ ይመስላሉ። ጥርሱ መንጠቆ የሆነ ጎማ ያየ ሰው የሰንሰለቱን ሁኔታ ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ቡሹ በውጭም ይበላል፤ ይህ የኦፕሬተሩን አነዳድ የሚያጋልጥ ነው። ዶዘር ወደ ኋላ ሲሄድ ቡሹ ጭነት ተሸክሞ ጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል። ስለዚህ በፍጥነት ወደ ኋላ መሄድ የሚወድ ኦፕሬተር ቡሽ ይጨርሳል። ደስ የሚለው ግን ውጫዊው መበላት በአብዛኛው በአንድ በኩል መሆኑ ነው። ፒንና ቡሹ በማተሚያ ወጥተው ግማሽ ዙር ተዙረው ከተመለሱ ያልተነካው ጎን ወደ ሥራ ይመጣል፤ ሰንሰለቱ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህ የሚሠራው ጊዜው ሳያልፍ ነው። የቡሹ ላይኛ ቆዳ በእሳት የጠነከረ፣ ውስጡ ግን ለስለስ ያለ ብረት ነው፤ ጠንካራው ቆዳ ካለቀ መዞሩ አይጠቅምም። በግቢ የማይሠራ ሌላው ሥራ ይህ ነው፤ ሰንሰለቱ ተጭኖ ማተሚያ ወዳለው ጋራዥ ይሂድ።

ወደ ላይ እንውጣ። ዶዘር መሪ የለውም። ከካምቢዮው የሚመጣው ኃይል ግራና ቀኝ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ጎን የራሱ ፍሪሲዮን አለ። ኦፕሬተሩ የግራውን ዘንግ ሲስብ የግራው ሰንሰለት ኃይል ያጣል፣ የቀኙ ብቻ ይገፋል፣ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። አጥብቆ ማጠፍ ሲያስፈልግ በዚያው ጎን ፍሬን ይጨምራል። ለዓመታት የቆመ ዶዘር ላይ የሚገጥመው ችግር የፍሪሲዮኑ ዲስኮች በዝገት መጣበቃቸው ነው፤ ዘንጉ ይሳባል፣ ማሽኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከአጥር ጋር ሳይጋጭ ይህን ማወቅ ይሻላል፤ ስለዚህ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ። ዘይት የማይነካቸው ደረቅ ፍሪሲዮኖች ላይ ዘይት ከተገኘ ደግሞ ማሸጊያ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው።

ሞተሩ ላይ መጀመሪያ የሚፈታው የዘይት መያዣው የታችኛው ቡሎን ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ግማሽ ያህል ብቻ ይላላል። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ጠብ ጠብ የሚለው ዘይት ሳይሆን ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ ወይ የማቀዝቀዣው ውኃ አምልጦ ገብቷል፣ ወይም ክዳን ያልተደረገለት የጭስ መውጫ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቷል። ጭስ መውጫው ላይ ባዶ ጣሳ መድፋት ምንም ወጪ የለውም፤ ስንቱን ሞተር ባዳነ!

የደረቀ ሞተር በጉልበት አይዞርም። ኖዝሎቹ ይወጣሉ፣ በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ከናፍታ ጋር ይጨመራል፣ ለቀናት ይተዋል፣ ከዚያ ትልቁ የሞተር ጎማ በረጅም ብረት ወደፊትና ወደኋላ ይነቀነቃል። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ እያለ በኃይል የዞረ ሞተር ቢየላ ያጣምማል። ቴስታታው ተነሥቶ ሲሊንደሩ የተቧጨረ ሆኖ ቢገኝም ተስፋ አይቆረጥም፤ እነዚህ ሞተሮች ላይነር የሚባል ተነቃይ ልባስ ስላላቸው ላይነሩ፣ ፒስተኑና ፋሻው ይቀየራሉ እንጂ ሞተሩ በሙሉ ቶርኖ ቤት አይሄድም።

ከሁሉ የምወደው ክፍል የማስነሻዋ ትንሽ ሞተር ናት። በብዙዎቹ አሮጌ ካተርፒላሮች ጎን ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለች። ናፍታ ሞተር ሻማ የለውም፤ አየሩን ከ500 ዲግሪ በላይ እስኪግል አምቆ ነው ናፍታውን የሚያቀጣጥለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው አቃቂ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ በጠዋት ብርድ ማጋል ይከብዳል። ትንሿ ሞተር ይህን በሦስት መንገድ ትፈታዋለች። ትልቁን ሳትቸኩል ታዞረዋለች፤ ከእሱ ጋር የምትጋራውን የማቀዝቀዣ ውኃ ታሞቀዋለች፤ ትኩስ ጭሷ ደግሞ ትልቁ ሞተር አየር በሚስብበት ቧንቧ አጠገብ ያልፋል። ብዙ ሰው ካርቡራቶሯ ሲደፈን ነቅሎ ጥሏት በባትሪ ሞተሪኖ ይተካታል። እኔ ግን እንድትጠገን እመክራለሁ፤ ባትሪ በሞተበት ገጠርም በገመድ ትነሣለችና።

መለዋወጫ ከየት? ጎሚኒና ኩሺኔታ በቁጥራቸው ተፈልገው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሊገኙ ይችላሉ፤ ቁርጥራጭ ብረት ምናለሽ ተራ አለ። ለሚፈስና ለሚቀጠቀጥ ብረት ደግሞ አቃቂ ራሷ የታወቀች ናት፤ የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ፣ በቀድሞ ስሙ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፣ እዚሁ ነው ያለው። የተበላ የጎማ ጥርስ በብየዳ ሊሞላ ይችላል፤ ብረቱ አስቀድሞ ይሙቅ፣ ከተበየደ በኋላም አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብረድ፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል።

ሲገጣጠም ሰንሰለቱ ከልክ በላይ አይወጠር። የጠበቀ ሰንሰለት ቡሽን፣ ጥርስንና ኩሺኔታን አብሮ ይበላል። ቀጥ ያለ እንጨት ከላይ ተጋድሞ ሲለካ በላይኛው ሮለርና በፊተኛው ጎማ መካከል ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ ለአብዛኞቹ ይበቃል። ጭቃ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ትንሽ ላላ ይበል፤ ዋልካ ጥርሱ መሃል ሲጠቀጠቅ ራሱ ይወጥረዋልና። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ባዶውን፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን። ማታ መሬት የሚረግጡት የሰንሰለቱ ጫማዎች ቡሎኖች በሙሉ እንደገና ይጥበቁ፤ ሮለሮቹም አንድ በአንድ በእጅ ጀርባ ጠጋ ተብለው ይፈተሹ፤ ከጓደኞቹ ይልቅ የጋለው ሮለር ዘይቱን እያፈሰሰ ነው፣ በማግስቱ ይውረድ።