የመርሳት ምልክት የሚታይባቸውን አረጋውያን ማስቀመጥ ወይስ ማንቀሳቀስ?

አረጋውያን አንድን ነገር ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ቀጠሮ ሲያምታቱ ወይም የቅርብ ሰው ስም ሲጠፋባቸው ቤተሰብ “ዕድሜ ነው” ብሎ ያልፈዋል። “ይረፉ” በሚል አክብሮትም ከእርሻውና ከገበያው ያገልላቸዋል። የሕክምና ባለሙያዎች ምክር ግን ከዚህ ይለያል።

የማስታወስና የማሰብ አቅም ከዕድሜ እኩዮች ይልቅ ጎልቶ ቢቀንስም፣ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ራሱ መምራት ሲችል ሁኔታው “መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ አቅም መቀነስ” ይባላል። ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድልን ቢጨምርም በሽታው ራሱ አይደለም፤ ባሉበት የሚቆዩም፣ የሚሻላቸውም አሉ።

የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዲመክሩ አሳስቧል።

ልብና ሳንባን ያለማቋረጥ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ኤሮቢክ ይባላል፤ ፈጣን የእግር ጉዞ አንዱ ነው። እንቅስቃሴው የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚጎዱትን የደም ግፊትና የስኳር መጠን ለመቆጣጠር ያግዛል። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የመርሳት በሽታ የሌለባቸውን 120 አረጋውያን ተከታትሏል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ በእግር የተጓዙት፣ ከዓመት በኋላ ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው በ2 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ የተወሰኑት ግን ቀንሶባቸዋል።

ይህ ሲባል እንቅስቃሴ ፈውስ ነው ማለት አይደለም። የማስታወስ ችግር ባለባቸው ወደ 300 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተካሄደ ሌላ ጥናት፣ በኤሮቢክና ሰውነትን በማፍታታት መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ሆኖም በዓመቱ ውስጥ የሁለቱም ቡድኖች አቅም አላሽቆለቆለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ እንደ መጓዝ ነው። መጠኑ የሚለካው በትንፋሽ ነው፦ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅት ፍጥነት ይበቃል። ወደ ገበያ በእግር መሄድና አረም ማረም ይቆጠራሉ፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከብት መጠበቅ ግን አይቆጠርም።

አረጋውያኑ ለጥ ባለና በሚያውቁት መንገድ፣ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ጋር ቢጓዙ ከመውደቅና መንገድ ከመሳት ይጠበቃሉ። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማቸው ማቆም ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴ የመርሳት ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። መርሳቱ በድንገት ከመጣ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።