የጡረተኛው መድኃኒትና የገዳሪፍ «ታእሚን»

ገዳሪፍ ያለነው ሐበሾች «ታእሚን» የምንለው የሱዳን የጤና መድን ሕጉ የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓመቱ ከሴናር ግዛት ሥራ ጀመረ። ጡረተኛም አባል ነው። ከመድኃኒቱ ዋጋ 75 በመቶውን መድኑ፣ 25 በመቶውን አባሉ ይከፍላል፤ 10,000 ፓውንድ የሚያወጣው በ2,500 ይገኛል ማለት ነው። በመድኑ ዝርዝር ውስጥ የሌለውን ግን ሙሉውን መክፈል ነው። ለጡረታ ደመወዝ የ75 በመቶው ሽፋን ቀላል እፎይታ አይደለም፤ የሚገባውን ምስጋና አግኝቷል ብዬ አላምንም።

ሰው የሚስተው ግን የመድኃኒቱን ስም ነው። ዝርዝሩ መድኃኒትን የሚያውቀው በሳይንሳዊ ስሙ እንጂ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ በተጻፈው የንግድ ስም አይደለም። ጎረቤቴ የሆኑ የባቡር ጡረተኛ እግራቸው አብጦ አገኘኋቸውና «ያ ሐጅ፣ ምን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ሁለት ካርቶን አወጡ። አንዱ ልጃቸው ከግል ፋርማሲ የገዛላቸው ኖርቫስክ ነው። «ይሄ የድሮው፤ ያኛው ደግሞ ታእሚን የሰጠኝ አዲሱ» አሉኝ። ካርቶኖቹን አዙሬ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ሁለቱም ላይ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ይላል። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ይውጡ ነበር! የእግር እብጠት የዚህ የደም ግፊት መድኃኒት የታወቀ ጠንቅ ነው፤ መጠኑ ሲጨምርም ይብሳል። ሐኪማቸው አንዱን ካስቆማቸው በኋላ እብጠቱ ጎደለላቸው።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «የታእሚን መድኃኒት ውሃ ነው» ብሎ በ25 በመቶ የሚያገኘውን ትቶ፣ ያንኑ መድኃኒት በሌላ ስም በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ይህን የሚሉ የተማሩ ሰዎች ሳይ እናደዳለሁ። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ብዙ ጡረተኛ የሕክምና ወረቀቱን ሳይዝ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ዛሬ የተገኘው ካርቶን በሚቀጥለው ወር ላይገኝ ይችላል። ሳይንሳዊ ስሙን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን በቀለም ሲፈልግ ይውላል።

የታእሚን ካርድ ከድንበሩ ከጋላባት አያልፍም፤ ድልድዩን ተሻግሮ መተማ የሚገዛ ሰው ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል። በእኛ በኢትዮጵያ በኩል የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ጡረተኛን ይጨምራል፤ እሱም ቢሆን ሱዳን ላለ ፋርማሲ አይከፍልም።

እባካችሁ፣ ባዶ ካርቶን አትጣሉ። ሐኪሙ ገና ሲጽፍላችሁ መድኃኒቱ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ፋርማሲው መስኮት ላይ ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት «ኢስም ዒልሚ» ብላችሁ ሳይንሳዊ ስሙን ጠይቁና ቤት ካለው ጋር አስተያዩ።