ስለ አጥንት ዝምድና

ጎጆ ያለ ምሰሶ አይቆምም። እንደዚሁም የሰውና የብዙ እንስሳ ሥጋ ያለ አጥንት አይቆምም። ከአጥንትም ሁሉ ዋነኛው የጀርባ አጥንት ነው፤ እርሱም አከርካሪ ይባላል። አከርካሪ እንደ ዱላ አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው በተሰደሩ ብዙ ትንንሽ አጥንቶች የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል፥ ድመት ትጠቀለላለች፥ እባብም ይጠማዘዛል።

በምድር ላይ አከርካሪ የሌለው እንስሳ ብዙ ነው። ንብ፥ አንበጣ፥ ቀንድ አውጣና የምድር ትል አከርካሪ የላቸውም። ዓሣ፥ እንቁራሪት፥ እንሽላሊትና ወፍ፥ እንዲሁም ልጆቹን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሁሉ ግን አላቸው። እነዚህ ባለ አከርካሪ ይባላሉ፤ ሰውም ከእነርሱ አንዱ ነው።

በወልዲያ ወይም በመርሳ ገበያ የቆመ ልጅ ቢያስተውል፥ በብዙ ባለ አከርካሪ መካከል መቆሙን ያያል። ገበሬው ማሽላውን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ከአፋር ቆላ የመጣ ግመል አንገቱን አቅንቶ ይቆማል፤ ፍየል ታስራ ትጮኻለች፤ ዶሮ በእግሯ ተይዛ ትንጠለጠላለች። በመልክ ሲታዩ አንዱ ከሌላው እጅግ የራቀ ይመስላል። ከቆዳው በታች ያለውን ለሚመረምር ሰው ግን የአንድ ቤት ልጆች እንደ ሆኑ ይገለጥለታል።

አስቀድመህ የራስህን እጅ ተመልከት። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት አለ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን አሉ። በአንጓው ላይ ብዙ ትንንሽ አጥንቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ መዳፍና አምስት ጣቶች ይከተላሉ። ይኸው ሥርዓት በፍየል የፊት እግር፥ በዶሮ ክንፍና በሌሊት ወፍ ክንፍ ደግሞ አለ። በአንዳንዱ እንስሳ ሁለቱ አጥንቶች ተጣብቀዋል፤ በሌላው ጣቶቹ ተቀንሰዋል፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። የሌሊት ወፍ ክንፍ እጅግ በረዘሙ ጣቶች መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው።

ፍየል በሁለት ጣቶች ላይ ትቆማለች፤ ሰኮናዋ የተሰነጠቀው ስለዚህ ነው። አህያ ግን በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ጣት ብቻ ይቆማል፤ ሰኮናውም የዚያ ጣት ጥፍር ነው። ብዙ ሰው የአህያ የኋላ እግር ጉልበት ወደ ኋላ የታጠፈ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ወደ ኋላ የወጣው ተረከዙ ነው፤ ጉልበቱ ከላይ በሆዱ አጠገብ አለ። እንግዲህ አህያ ዕድሜውን ሁሉ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ይሄዳል።

ደግሞ የአንገትን አጥንት ቍጠር። የሰው አንገት 7 አጥንቶች አሉት፤ የአህያና የፍየልም 7 ነው። አጭሩ የአይጥ አንገት 7 አጥንት አለው፤ ረጅሙ የግመል አንገትም ያው 7 ነው። የግመል አንገት የረዘመው የአጥንቱ ቍጥር በዝቶ ሳይሆን እያንዳንዱ አጥንት ረዝሞ ነው።

ይህ መመሳሰል ከወዴት መጣ? ወንድማማቾች በመልክ የሚመሳሰሉት ከአንድ አባትና እናት ስለ ተወለዱ ነው። ባለ አከርካሪዎችም ሁሉ እጅግ በራቀ ዘመን ከነበሩ የጋራ ቀደምቶች እንደ ወረዱ ሊቃውንት አስረድተዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በ1852 ዓ.ም. በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ የለውጡን መንገድ ገለጠ። የሀብሩ ገበሬ ከማሳው መልካሙን የማሽላ ራስ ለይቶ ለዘር ያኖራል፤ ብዙ ዘመን እንዲህ ሲደረግ ማሽላው እየተለወጠ ይሄዳል። በዱር ግን መራጭ ገበሬ የለም። ረኀብ፥ ድርቅ፥ በሽታና አውሬ ብዙውን ያጠፋሉ፤ ለስፍራው የሚስማማ አካል ያለው ይተርፋል፥ ይወልዳልም፤ አካሉም ለልጆቹ ይተላለፋል። ትንሽ ለውጥ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ሲከማች የፊት እግር ክንፍ ይሆናል፥ ጥፍርም ሰኮና ይሆናል።

የዚህ ነገር ምስክር በድንጋይ ውስጥ አለ። የሞተ እንስሳ በደለል ሲቀበር አጥንቱ አንዳንድ ጊዜ ወደ ድንጋይነት ይለወጣልና። በ1996 ዓ.ም. በሰሜን ካናዳ 375 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ቲክታሊክ የተባለ ዓሣ ተገኘ። እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ነበረው፤ ነገር ግን በክንፉ ውስጥ እንደ ሰው ክንድ አንድ አጥንት፥ ቀጥሎም ሁለት አጥንቶች ነበሩበት።

ሌላው ምስክር ለሀብሩ ቅርብ ነው። የሀብሩን ደቡብ ወሰን ይዞ የሚወርደው የሚሌ ወንዝ ወደ አፋር ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። በዚያ በአዋሽ ሸለቆ ሐዳር በሚባል ስፍራ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ1993 ዓ.ም. የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በዲኪካ ሰላም የተባለችውን የሕፃን አጥንት አገኘ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን ወራንሶ ሚሌ በተባለው ስፍራ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የራስ ቅል አገኘ። የድንቅነሽ ዳሌና ጉልበት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር ያሳያሉ።

በዚያው በሐዳር ምድር በየእግሩ ሦስት ጣት የነበረው የፈረስ ዘመድ አጥንት ተገኝቷል። የዛሬው አህያ በአንድ ጣት ቢቆምም፥ ከሰኮናው በላይ ባለው የእግሩ አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። እነርሱም በቀደሙት አባቶቹ እግር ላይ የነበሩት ጣቶች ቅሬታ ናቸው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ጀርባህን በጣትህ ብትዳስስ ከቆዳህ በታች የአከርካሪህን ጫፍ ታገኛለህ። የአህያውም ጀርባ እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን የሰው አከርካሪ እንደ ምሰሶ ሲቆም፥ የአህያው እንደ ድልድይ ተጋድሟል። ጭነት በዚያ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ይላጣል፥ ገጣባም ይሆናል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከጭነቱ በታች ወፍራም ነገር ያነጥፋል፤ ጭነቱንም በግራና በቀኝ አስተካክሎ በጎድኖቹ ላይ ያሳርፋል፤ ከአቅሙ በላይ አያሸክመውም፤ የቆሰለውንም እስኪድን ድረስ አይጭነውም።

በወንዝ ዳር ድንጋይ የሆነ አጥንት ያየ ልጅም አይስበረው፤ ከስፍራውም አያንሣው፤ ለመምህሩ ይንገር እንጂ። የድንቅነሽ አጥንት በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ የሚኖረው ያዩት ሰዎች ስላልናቁት ነው። አህያም ሕመሙን በቃል መናገር አይችልም፤ አጥንቱ እንደ ራሱ አጥንት መሆኑን የተማረ ልጅ ግን ሳይነገረው ይረዳለታል።