ልጄ፣ እኔና አሮጌዋ ቮልስ

ባለፈው ጥር ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳር ቤት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሜ ለአንዲት መኪና ቀብድ ልከፍል ነበር። መኪናዋ ሰማያዊ ቮልስዋገን ናት፤ በአጭሩ ቮልስ የምንላት። ቀለሟ አዲስ ነው፤ ፓራውልቷ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቷል። ገንዘቡ ግን የእኔ አልነበረም። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥላ ያጠራቀመችው ነው።

ልጄ ነርስ ናት። የምሽት ተራ ሲደርሳት ከሥራ የምትወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። እናቷ ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ትቆማለች፤ እኔ እስከ አስፋልቱ ወርጄ እጠብቃለሁ። ስለዚህ "መኪና ልግዛ" ስትለን ሁለታችንም አልተቃወምንም። የቸገረን የትኛውን የሚለው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ተወድዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በልጄ ዕቁብ ቪትዝ የሚታሰብ አልነበረም።

ቮልስን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባቴ በ1961 ዓ.ም. ገዝቶ እኛን አምስት ልጆቹን ያሳደገባት መኪና ቮልስ ነበረች። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ጠባብ የዕቃ ቦታ የእኔና የታናሼ ነበረች። ሞተሩ ከበታቻችን ስለሆነ ሙቀቱ ያስተኛናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑ በተሰማ ጊዜ አባቴ ወጥቶ የእኛን ቮልስ ዝም ብሎ ሲያያት አስታውሳለሁ። ምን እንዳሰበ ግን አልነገረንም።

እናም ያን ቅዳሜ እውነቱን ልናገርና፣ ሰማያዊዋ መኪና ውስጥ ያየሁት አባቴን ነው። ሻጩ "የ72 ሞዴል ናት፤ ሞተሯ ገና አልተነካም፤ ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል" ሲለኝ ሁሉንም አመንኩ።

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። "አባዬ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ትለኝ የለ? መካኒክ ሳያያት አንድ ብር አንከፍልም" አለች። ሻጩ ቅር አለው። እኔም ትንሽ አፈርኩ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ደወለች።

የኋላ ወንበር ሲነሳ

የመጡት መካኒክ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተሩ እንዲነሳ ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ የኋላ ወንበሩን አንስተው ወደ ውጭ አወጡት። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው። የባትሪው አሲድና ከላይ የሚገባው ውሃ ብረቱን የሚበሉት ከዚያ ቦታ ይጀምራል። የወለሉን ምንጣፍ ገለጥ አድርገው በጠፍጣፋ መፍቻ ገፋ ሲያደርጉት መፍቻው ገብቶ ወደ መሬት ወጣ። ከታች በኩል ቀጭን ላሜራ ተለጥፎ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል።

ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው በበሮቹ ሥርና በጎማዎቹ ዙሪያ አዞሯት። ብረት ላይ ትጣበቃለች፤ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። አብዛኛው ቦታ ላይ ወደቀች። ላይዋ ያማረ፣ ውስጧ ለቄስ!

"ሞተር አያስጨንቃችሁ" አሉን። "የቮልስ ሞተር አራት ብሎን ፈትተህ ታወርደዋለህ፤ ተሠርቶ ይመለሳል። ወለሏ የበሰበሰ ቮልስ ግን መሠረት የሌላት ቤት ናት።"

የሻንሲ ቁጥሯም እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር ተመትቷል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ በተሠሩት ቮልሶች ላይ የቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ይናገራል። የዚህችኛዋ 116 ብሎ ይጀምራል፤ ቁጥሩም በጠቅላላ ዘጠኝ አኃዝ ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ያሉት ግን አሥር አኃዝ አላቸው። ስለዚህ "የ72" የተባለችው የ1966 ናት። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኳ ገና ስድስት ቮልት ነው። መብራቷን አብርተው እጃቸውን ከፊቱ አደረጉ፤ ቢጫና ደካማ ነው። "ልጅቷ ማታ አይደል የምትነዳው?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። መልስ አልነበረኝም። ያቺን መኪና ለልጄ ልገዛላት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ቀዝቃዛ ሞተር፣ ጠራራ ፀሐይ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልደታ ሌላ አገኘን። የዚህችኛዋ ቀለም ደብዝዟል። የግራ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ተጎድቷል፤ እሱ ግን በብሎን ስለሚታሰር ለብቻው ይቀየራል። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሳንጠይቃቸው "ፍሬኗ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ዝናብ ሲሆን በግራ በር በኩል ጠብ ጠብ ይላል" አሉን። ጉድለቷን ራሱ የሚነግር ሻጭ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም መካኒኩ ምንም አላለፉም።

መጀመሪያ የሞተሩን ኮፈን ከፍተው በእጃቸው ነኩት። ቀዝቃዛ ነው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩ ከሞቀ ጠዋት ለመነሳት ማስቸገሩና ጭሱ ይደበቃል። ቀጥሎ ሞተሩ እንደጠፋ ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ጎማ መሳይ ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ መልሰው ገፉት። "ቋ" የሚል ድምፅ ካለ የሞተሩ ዋና ኩሽኔታዎች አልቀዋል ማለት ነው። ድምፅ አልነበረም። ሲነሳ ከማርሚታው ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ እየጨመረ ቢመጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ያኔ ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ወለሉ በመፍቻ ተገፋ፤ ጠንካራ ነው። በበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን ያለው የብረት ቦይም ተመታ፤ የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በእሱ በኩል ነው። የሻንሲው ቁጥር 119 ብሎ ይጀምራል፤ ከሊብሬው ጋርም ይገጥማል። ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ነው።

ከዚያ ወደ ለገሀር ሄደን ቸርችል ጎዳናን እስከ ማዘጋጃ ቤት ወጣናት። ልጄ ነዳች፣ መካኒኩ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱ መሀል አስቁመዋት የእጅ ፍሬኑን አስያዟት፤ ያዘ። ስንወርድ ጋዙን እንድትለቅ አደረጉ፤ ማርሹ ራሱ አልወጣም። ሜዳ ላይ ፍሬን ስትይዝ እንደተነገረን ወደ ቀኝ ሳበች። መሪውም ትንሽ ልልነት አለው። መካኒኩ ሁሉንም በወረቀት ጻፉ። ከጋራዥ ዋጋው ጋር ስንደምረው ከተጠየቅነው ላይ ሊቀነስ የሚገባው ግልጽ ሆነ። አዛውንቱም ወረቀቱን አንብበው ብዙ ሳይከራከሩ ቀነሱልን።

ወረቀቱም ይመርመር

ከመክፈላችን በፊት የሊብሬውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር አንድ በአንድ አስተያየን። መኪናዋ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣራን። ቦሎዋ የዘንድሮ መሆኑንም አየን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። የአዛውንቱ ባለቤት ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውን መጥተው ፈረሙ። ሲፈርሙ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የሦስተኛ ወገን ዋስትናውን ልጄ በስሟ ሳትገባ መሪ አልያዘችም።

የእናቷ ጥያቄ

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። "ብትጋጭስ?" አለች።

ይህ ጥያቄ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ቮልስ ኤርባግ የላትም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ያለው ዕቃ መጫኛና የቤንዚን ሰልባትዮው ብቻ ነው። አባቴ እኛን ከኋላ ወንበር ጀርባ ሲጭነን ዘመኑ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ከመንዳቱ በፊት ጋራዥ ገባች። የቀበቶ ማሰሪያ ቦታው ስለነበራት ለሁለቱ የፊት ወንበሮች አዲስ ቀበቶ ታሰረ። ፍሬኗ ሙሉ በሙሉ ታደሰ። የቤንዚን ጎማዎቿ በሙሉ ተቀየሩ፤ ያረጀ ጎማ ተሰንጥቆ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ እሳት ይነሳል። ባትሪውም ክዳን ተደረገለት፤ ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ።

መካኒኩ ለልጄ አንድ ትምህርት ብቻ ደጋግመው ሰጧት። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞረው አየር ነው። "ቀዩ መብራት በርቶ ካየሽ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። 'ቤት ልድረስ' አትበይ። ዳር ይዘሽ አጥፊ።" ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ከወንበሯ ሥር አይለዩም።

ዕቃዋን ሶማሌ ተራ አገኘነው። ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ ዕቃዋ ገና አልጠፋም።

ደንቡን ያወጣችው ራሷ ልጄ ናት፤ ከከተማ አትወጣም፤ ልጅ ከኋላ አትጭንም፤ ዕቁቧ ሁለተኛ ሲደርሳት የተሻለ መኪና ትለውጣለች። የመጨረሻውን ስሰማ ከፋኝ፤ ግን ትክክል ናት። መኪናዋ የእሷ ናት፤ ትዝታው የእኔ ነው።

ለልጃችሁ ወይም ለልጅ ልጃችሁ የመጀመሪያ መኪና ልትገዙ የምታስቡ ወላጆች፣ የምመክራችሁ ጥቂት ነው። በቀን ብርሃን እዩ። መካኒኩን ደላላው ሳይሆን እናንተ ምረጡት፤ ክፍያውንም እናንተ ክፈሉት። ከሞተሩ በፊት ወለሉን ተመልከቱ። መኪናዋ የልጅነታችሁን ዘመን የምታስታውሳችሁ ከሆነ ደግሞ ውሳኔውን ለሌላ ሰው ተዉት።

አሁን ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር አልቆምም። የቮልስ ድምፅ ከሩቅ ስለሚለይ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እሰማታለሁ፤ በሩን ከፍቼ አስገባታለሁ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስታደርሰኝ ከፊት ተቀምጬ የአባቴን ነገር ላጫውታት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ቀበቶህን እሰር።"