ለቤዝ የሚሆን ቤት

ለመኪናው ሰብዉፈር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ኢንች?»። ሳጥኑ የሚነሳው በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ነው፤ ያኔም ጥያቄው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ይገባል ወይስ አይገባም ከሚለው አያልፍም። እኔ ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ ባይ ነኝ። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 500 ዋት ቢለቁበት ኮኑ (ከፊት የሚርገበገበው ክፍሉ) ሲዘል ይታያል እንጂ ቤዝ የሚባል ነገር እምብዛም አይሰማም። በልክ በተሠራ ሳጥን ውስጥ የገባ ርካሽ ስፒከር፣ በግምት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ከገባ ውድ ስፒከር የተሻለ ሊዘፍን ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለትም 40 ኸርዝ፣ የአንዱ ሞገዱ ርዝመት ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለዚህ ሞገድ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስፒከር መሰናክል ሊሆንበት አይችልም። የታመቀው አየር በጠርዙ ዞሮ የሳሳውን ይሞላዋል፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ ይጠፋፋሉ። የሳጥን የመጀመሪያ ሥራ ይህን መሹለኪያ መዝጋት ነው።

መሰንቆ ሲሰማ ላደገ ሰው እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መነገር አለበት። የመሰንቆ ሳጥንና የተወጠረበት ቆዳ ከጭራው ጋር አብረው ይዘፍናሉ፤ የመሣሪያው ለዛ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። የሰብዉፈር ሳጥን ግን አብሮ መዝፈን የለበትም። ግድግዳው ከተርገበገበ ዘፋኙም ባንዱም ያላሰቡትን ድምፅ ይጨምርበታል። ስለዚህ የሚፈለገው ከባድ፣ ድፍንና የማይላወስ ሳጥን ነው።

ሳጥን ከመምረጥ በፊት ምን ሊሰማበት እንደታሰበ ማወቅም ያስፈልጋል። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ይሰጣል፤ ቀጣዮቹ ክሮች 55፣ 73 እና 98። ጥሩ ሳጥን አራቱንም በተመጣጠነ ድምፅ ያሰማል፤ መጥፎው አንዱን መርጦ ያስጮኸዋል። ብዙ መኪና ውስጥ የሚሰማው «ዱም ዱም» ከዚህ የመጣ ነው፦ ሳጥኑ 60 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሁሉ ያጎላል፣ ከዚያ በታች ያለውን ይውጠዋል፤ ቤዙ ወጣም ወረደም የሚሰማው ያው አንድ ድምፅ ነው። በኢትዮ ጃዝ ውስጥ ግን ቤዙ ራሱ ዜማ ይዞ የሚሄድ ነው። ይህን ሙዚቃ በአንድ ኖታ ብቻ በሚያጓራ ሳጥን መስማት ያሳዝነኛል።

ዋናዎቹ ምርጫዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ምንም ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ነው። ትንሹን ዝግ ሳጥን ያስፋፋው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር በ1954 እ.ኤ.አ. ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አኩስቲክ ሪሰርች የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ጥልቅ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር ቁም ሣጥን የሚያህል ነበር። ቪልቸር ያስተዋለው፣ የኮኑን ማንጠልጠያ እጅግ አላልቶ በትንሽ ድፍን ሳጥን ውስጥ ቢከተው የታፈነው አየር ራሱ እንደ ስፕሪንግ ኮኑን እየመለሰ እንደሚያዝለት ነው። የአየር ስፕሪንግ ከጨርቅና ከጎማ ይልቅ እኩል በእኩል ይገፋል፤ ድምፁም የዚያኑ ያህል ንጹሕ ይሆናል። ዝግ ሳጥን ዛሬም በዚህ ይታወቃል፤ ከበሮ ተመትቶ ሲያበቃ ቤዙም አብሮ ያበቃል፣ አይንዛዛም።

ሁለተኛው ባለ ቱቦ ሳጥን ነው። ይህ የቪልቸርን ሥራ በዕድሜ ይቀድማል፤ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ በ1930 እ.ኤ.አ. አመልክቶ በ1932 የፈጠራ መብቱን አግኝቶበታል። መሠረቱ ደግሞ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው ነው፤ አንገት ያለው ባዶ ዕቃ የራሱ የሆነ አንድ ድምፅ አለው። በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆነው ይወዛወዛሉ። ቱራስ ይህን ተጠቅሞ ከኮኑ ጀርባ በከንቱ የሚቀረውን ጉልበት በቱቦው በኩል ወደ ውጭ አወጣው፤ ሲወጣ ከፊቱ ድምፅ ጋር እንዳይጣላ አድርጎ። ሳጥኑ በተቃኘበት ኸርዝ ላይ ኮኑ ከመንቀሳቀስ የቆመ ይመስላል፤ አብዛኛውን ድምፅ የሚሰጠው ቱቦው ነው። በተመሳሳይ ዋት ከዝግ ሳጥን ይልቅ ጎላ ያለ ቤዝ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። አንደኛ ሳጥኑ ይተልቃል፤ ለባለ 12 ኢንች ስፒከር ዝጉ ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 35 ሊትር ሲበቃው፣ ባለ ቱቦው ከ50 እስከ 65 ሊትር ይፈልጋል። ሁለተኛውና አደገኛው፣ ከተቃኘበት ኸርዝ በታች ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም። አየሩ በቱቦው ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ስፕሪንግነቱ ይጠፋል፤ ኮኑ ያለ ልክ እየተወረወረ የሚነዳውን ኮይል እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለዚህ ነው ባለ ቱቦ ሳጥን ያለው ሰው በአምፕሊፋየሩ ላይ ሰብሶኒክ የሚባለውን ፊልተር ከፍቶ ከቅኝቱ ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ማሰር ያለበት።

የቱቦው ርዝመት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳይ። 55 ሊትር በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ቢገባ ሳጥኑ 34 ኸርዝ አካባቢ ይቃኛል። የቤዝ ጊታሩ 41 ከዚያ በላይ ስለሆነ በደህና ይሰማል። አናጢው ቦታ ጠቦት ቱቦውን በግማሽ ቢያሳጥረው ግን ቅኝቱ ወደ 44 ይወጣል። አሁን 41 ኸርዝ ከቅኝቱ በታች ወደቀ፤ ወፍራሙ ክር ሲመታ ኮኑን የሚይዘው አየር መላላት፣ ድምፁም መክሳት ይጀምራል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ሳጥኖች አይለዩም። ተሠርቶ የተቀመጠ ባለ ቱቦ ሳጥን ስገዛ ስንት ሊትር ይይዛል፣ በስንት ኸርዝ ተቃኝቷል ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሻጩ መልስ ከሌለው አልገዛም።

የትኛው ስፒከር ለየትኛው ሳጥን እንደሚስማማ በግምት ከመወሰን ያዳኑን አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው። ኔቪል ቲል በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ባለ ቱቦ ሳጥን ጥናቱን አሳተመ፤ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አሰፋው። ዛሬ ከደህና ሰብዉፈር ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ያሉት ኤፍ-ኤስ፣ ኪው-ቲ-ኤስ፣ ኪው-ኢ-ኤስና ቪ-ኤ-ኤስ የሚባሉ ቁጥሮች ከእነሱ የተወረሱ ናቸው። ቀላሉ መለያ ኤፍ-ኤስን ለኪው-ኢ-ኤስ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስፒከሩ ለዝግ ሳጥን የተፈጠረ ነው፣ ወደ 100 ከቀረበ ወይም ካለፈ ለባለ ቱቦ፣ በመካከል ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል።

ቪ-ኤ-ኤስ የሚለው ቁጥር ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ትርጉም አለው፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን እምብዛም አልገጠመኝም። ቁጥሩ የኮኑን ማንጠልጠያ ልስላሴ በአየር መጠን የሚገልጽ ሲሆን፣ ፋብሪካው ያሰላው በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየርም ስፕሪንግነቱ በአንድ አራተኛ ይላላል። ምሳሌ እንውሰድ፦ ኪው-ቲ-ኤስ 0.5፣ ቪ-ኤ-ኤስ 60 ሊትር የሆነ ስፒከር ያልተጋነነና ያልከሳ ድምፅ እንዲሰጥ ወረቀቱ 60 ሊትር ዝግ ሳጥን ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ግን ለተመሳሳዩ ድምፅ 45 ሊትር ይበቃዋል። ለጠባብ መኪና 15 ሊትር ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል አየሩ ስስ ስለሆነ ኮኑ እኩል ርቀት ቢሄድም ድምፁ በሁለት ዴሲቤል ተኩል ያህል ይቀንሳል። የቱቦው ቅኝት ግን አይነካም፤ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንጂ በግፊት አይወሰንምና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው መኪናው ራሱ ነው። ቤዝ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚገባው ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው። የሞገዱ ግማሽ ከመኪናው ውስጠኛ ርዝመት ሲበልጥ ድምፁ በመኪናው ውስጥ እንደ ሞገድ አይጓዝም፤ አየሩን በሙሉ አንድ ላይ ያጨናንቀዋል፣ ያላላዋል። ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ መስታወት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል በሆነ መኪና ይህ የሚጀምረው 70 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር መኪናው እስከ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። ዝግ ሳጥን ደግሞ በተፈጥሮው ከራሱ ቅኝት በታች በዚያው ልክ 12 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል! ሳሎን ውስጥ የሳሳ የሚመስል ዝግ ሳጥን መኪና ውስጥ ሲገባ እስከ ታች የሚወርድ፣ የተስተካከለ ቤዝ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በተግባር መስኮትና ቆርቆሮ ግፊቱን ስለሚያሾልኩ 12ቱ ሙሉ አይገኝም፤ ግን ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ቪትዝ ወይም እሷን መሰል ትንሽ መኪና ይዞ የተለያየ ዘፈን ለሚሰማ ሰው ዝግ ሳጥን እመክራለሁ። የኋላ ዕቃ ቦታው በወንበር ለተለየ እንደ ኮሮላ ላለ መኪናም እንዲሁ፤ ስፒከሩ ግን ወደ ኋላ ጫፍ ቢዞር ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይሰማል፣ ሁለቱንም አቅጣጫ ሞክሮ መምረጥ ነው። ረጅም ሆዱ፣ የሚከፈት የሚዘጋ በሩና መስኮቱ ግፊቱን ለሚበትንበት ሃይሩፍ ሚኒባስ፣ ወይም ከጥራት ይልቅ ጉልበት ለሚሻ ባለቤት፣ ከ32 እስከ 36 ኸርዝ የተቃኘ ባለ ቱቦ ይሻላል። ስፒከሩ በውስጥ የሚደበቅበት ባንድፓስ ሳጥን በጠባብ ክልል ውስጥ ኃይለኛ ነው፤ ስሌቱ ከባድ፣ ስሕተቱ ውድ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ያለ ሳጥን የኋላውን ዕቃ ቦታ ራሱን እንደ ሳጥን መጠቀምም ይቻላል፤ ለዚያ የተሠራ ስፒከርና በደንብ የተደፈነ የወንበር ጀርባ ያስፈልገዋል።

ለአናጢ ሲታዘዝ የሚሳሳቱበት ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የውጭ ልክ የውስጥ ልክ አይደለም። 50 በ38 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከውጭ 57 ሊትር ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሲሠራ የውስጡ 42 ሊትር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ላይ ስፒከሩ የሚይዘው ሦስት ሊትር ያህል፣ ቱቦ ካለ የቱቦው፣ የማጠናከሪያ እንጨቱም ይቀነሳል። ቀጭን እንጨት ዋጋ ይቀንሳል ብለው ለሚያባብሉ ይህን ስሌት አሳያለሁ፦ ባለ 12 ኢንች ኮን በዚህ ሳጥን ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ አየር እንኳ ትልቁን ግድግዳ በ20 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋዋል። በሰከንድ 40 ጊዜ። ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላው የሚደርስ ማጠናከሪያም ይግባበት። መገጣጠሚያው በብሎን ብቻ አይበቃም፣ ኮላ በሙሉ ርዝመቱ ይፍሰስበት፣ ኮላው ደርቆ ውስጡ በሲሊኮን ይደፈን፤ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ስፒከሩ አይግባ። ዝግ ሳጥን የሚያሾልክ ከሆነ ኮኑን በሁለት እጅ ቀስ ብሎ ገፍቶ በመልቀቅ ይታወቃል፤ ዝግ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ወዲያው ከተመለሰ አየር የሚወጣበት ስንጥቅ አለ።

በመጨረሻም ሳጥኑ ይታሰር። ስፒከሩ ከነማግኔቱ ተጨምሮበት ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ነው፤ በቪትዝና በሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ከተሳፋሪው ራስ የሚለየው የወንበር መደገፊያ ብቻ ነው። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመጣል። ከወለሉ ብረት ጋር በሁለት ጠንካራ ቀበቶ ወይም በብረት ማዕዘን ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብሎን ከመብሳቱ በፊት ግን ከመኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅ ታንከሩና የፍሬን ቱቦው የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።